ሞንታርቦ ያቃጠልኩበት ሙዚቃ

ሥራዬ ማይክ እንዳይጮህ መጠበቅ ነው። ደሴ ውስጥ ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለስብሰባ ሳውንድ አከራያለሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ሁለት ሞንታርቦ፣ ባለ 12 ቻናል ሚክሰር፣ አራት ማይክ፣ ቆጥሬው የማላውቅ ገመድ አለኝ። ሽማግሌ ሊመርቁ ተነስተው ማይኩ "ዊይይይ" ካለ ጥፋቱ የኔ ነው። ወጥ ቢያልቅ ሰው ይረሳዋል። ሙሽራው ቢዘገይም ይረሳዋል። የማይክ ፉጨት ግን እስከ መልስ ድረስ ይወራል። አንድ ጊዜ ኩታበር ላይ አንድ አባት ምርቃታቸውን አቋርጠው "ልጄ፣ ይሄ ነገርህ ታሟል እንዴ?" አሉኝ። ጓደኞቼ እስካሁን "ነገሩ የታመመው" እያሉ ይጠሩኛል።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ፍላሽ ይዞ መጥቶ "ይሄን ስማ፣ የአንተው ሥራ ነው" ያለኝ ዕለት ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። አንድ ጃፓናዊ መድረክ ላይ ወጥቶ እኔ በየድንኳኑ የምሸሸውን ድምፅ ሆን ብሎ ያመርታል። ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ሲጨርስ ሰው ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ "ድገመው" የሚል ነገር ይጮሃል። "ይሄ ሰውዬ ሳውንድ ማን የለውም?" አልኩት። ልጁ ሳቀብኝ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፍላሹን ነቅዬ መለስኩለት።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ነቅለው ለመለሱ ሰዎች ነው። ኖይዝ የሚባለውን ሙዚቃ ሞክራችሁ "ይሄ ምኑ ይሰማል?" ካላችሁ አልፈርድባችሁም። የኔ ምክር አንድ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ከተሠራው አትጀምሩ። ሰው ፊት፣ መድረክ ላይ ከተቀዳው ጀምሩ። እኔን የያዘኝ ላይቭ ቅጂ ነው፤ ስቱዲዮውን የወደድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እሱንም ሁሉንም አይደለም።

ነገሩ የገባኝ ግን ከጃፓኑ ሳይሆን ከአያቴ ካሴት ነው። አያቴ የመንዙማ ካሴት ነበራት። ገጠር፣ ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ስብስብ ላይ አንድ ሰው ቴፑን መሬት አስቀምጦ የቀዳው ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ድቤው ሲመታ ድምፁ ይታነቃል። የቴፑ ማይክ አይችለውማ። ይሰነጠቃል፣ ሁሉንም ነገር ይውጣል፤ ምቱ ሲያልፍ የጀማው ድምፅ ከሥር ቀስ ብሎ ተመልሶ ይወጣል። ሲኒ ሲጋጭ ይሰማል። አንድ ሰው ይስላል። ሕፃን ያለቅሳል፤ እናቱ ይዛው ስትወጣ ልቅሶው እየራቀ፣ እየራቀ ይሄዳል። ከዓመታት በኋላ ያንኑ መንዙማ በኪቦርድ ታጅቦ፣ ጥርት ብሎ የተሠራ አገኘሁና ገዝቼ ሰጠኋት። አንዴ ሰማችው። "ጥሩ ነው፤ ግን ሰው የለበትም" አለችኝና አሮጌውን መልሳ ከተተችው።

ያን ጊዜ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት። የጃፓኑን ቅጂ ለሁለተኛ ጊዜ ስከፍት ግን ቃሏ ትዝ አለኝ። እዚያ ውስጥ ሰው ነበረ። ጩኸቱ ከመጀመሩ በፊት የወንበር መንኳኳት፣ የጠርሙስ ድምፅ፣ የሰዎች ወሬ አለ። ከዚያ ጩኸቱ ይመጣና ያን ሁሉ ይውጠዋል። ድቤው ጀማውን እንደሚውጠው። ሃያ ደቂቃ ገደማ ላይ ድንገት ቆረጥ ሲል ክፍሉ ተመልሶ ይመጣል፤ አንድ ሰው ብቻውን ይስቃል። ለኔ ከሙሉው ሙዚቃ የበለጠችው ያቺ ሳቅ ነች።

በነገራችን ላይ ጩኸት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በገናን ተመልከቱ። አሥሩ አውታሮች ንፁህ ድምፅ ብቻ እንዳይሰጡ ሆን ተብሎ እንዚራ፣ ማለትም ቁራጭ ቆዳ ይገባባቸዋል። ያ የምንወደው ንዝረት፣ ያ እንደ ንብ እምም የሚለው ነገር የሚመጣው ከቆዳው ነው። እንዚራው ሲወጣ በገናው በገና አይመስልም። ሆኖም ወሎ የቅኝት አገር ነው። ባቲና አምባሰል የቅኝት ብቻ ሳይሆን የሰፈራችንም ስም ናቸው። ቅኝት ላይ ያደገ ጆሮ ቅኝት የሌለበት ነገር ሲሰማ የሚረግጠው መሬት ያጣል። መጀመሪያ ላይ ጠላሁት ያልኩት ይሄን መሬት ማጣት ነበር።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ስትሰሙ ይጠቅማል። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በ1913 ሉዊጂ ሩሶሎ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ "የፋብሪካና የከተማ ጩኸት ሙዚቃ ይሁን" ብሎ ማኒፌስቶ አወጣ። ማጮሂያ ሳጥኖችም ሠራ። በ1914 ሚላኖ ቴአትር ቤት ውስጥ ሲያሰማቸው ምሽቱ በድብድብ አለቀ። ሳጥኖቹ በኋላ ጠፍተዋል። የሚቆጨኝ ግን ሳጥኖቹ አይደሉም፤ ያን ምሽት የቀዳው ሰው አለመኖሩ ነው። ሳጥኑን ዛሬ ከሥዕሉ አይተው መልሰው የሠሩ አሉ። ድብድቡን ማን መልሶ ይሠራዋል?

በ1970ዎቹ አጋማሽ የተነሱት እንግሊዛውያን ትሮቢንግ ግሪስል ይሄ የገባቸው ይመስለኛል። ዝግጅታቸውን በካሴት እየቀዱ ይሸጡ ነበር፤ 24 ካሴት በአንድ ሻንጣ። ከዚያ ጃፓን። ማሳሚ አኪታ መርዝባው በሚል ስም በ1979 ጀመረ። ስሙ እኛ ጆሮ ላይ የመርዝ ነገር ይመስላል፤ የመጣው ግን ኩርት ሽቪተርስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ከውዳቅ ዕቃ ከሠራው ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ሂጆካይዳን የሚባለው ቡድን ተመሠረተ። ሃናታራሽ የተባሉት ደግሞ በ1985 ቶኪዮ ውስጥ ኤክስካቫተር ይዘው አዳራሽ ገብተው ግድግዳ አፍርሰዋል። ተመልካቹ ቀድሞ "ብጎዳ አልከስም" ብሎ ፈርሞ ነው የገባው። እኔ ሳውንዱን የማከራያቸው ብሆን ኖሮ ሙሉ ክፍያ ቅድሚያ ነበር የምቀበል።

የምወዳቸው ግን ኢንካፓሲታንትስ ናቸው። ሁለት ሰዎች ናቸው። ቶሺጂ ሚካዋ የባንክ ሠራተኛ፣ ፉሚዮ ኮሳካይ የመንግሥት ሠራተኛ ሆነው ነው ስማቸው የወጣው። ቀን በከረቫት፣ ማታ በጩኸት። ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ ኤፌክት፣ ማለትም ድምፅ የሚለውጡ ሳጥኖች ይደረድራሉ፣ ከዚያ እየተንቀጠቀጡ ይጫወታሉ። ቢሮ ውሎ የገባ ሰው ያን ድምፅ ሲያወጣ መስማት ምን እንደሚመስል ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ላይቭ ቅጂ ለምን እንደሚለይ የገባኝ እንደ ሳውንድ ሰው ነውና።

ማይክ ለምን ይጮሃል? ከስፒከሩ የወጣውን ድምፅ ማይኩ ይሰማና ወደ ሚክሰር ይልከዋል። ስፒከሩ አጉልቶ ያወጣዋል። ማይኩ ያንን ደግሞ ይሰማል። ዙሩ ቶሎ ቶሎ ሲደጋገም ፉጨት ይሆናል። ፉጨቱ ቀጭን ይሁን ወፍራም የሚወስነው ግን ሚክሰሩ ብቻ አይደለም። የማይኩ ርቀት፣ የቤቱ ስፋት፣ ግድግዳው፣ የሰዉ ብዛት ጭምር ነው። ድንኳን ውስጥ የሚጮኸውና ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ የሚጮኸው አንድ አይደለም። ጠዋት ባዶ አዳራሽ ውስጥ ያስተካከልኩት ማይክ ከሰዓት ሰው ሲሞላ ሌላ ጠባይ ያመጣል፤ ሰው ድምፅ ይመጥጣልና። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ፉጨት አለው። ኖይዝ የሚጫወት ሰው መድረክ ላይ ሲቆም ግማሹን የሚጫወተው ቤቱ ነው። ስለዚህ ያው ሰው ያንኑ ዕቃ ይዞ ሁለት ከተማ ቢጫወት የሚወጣው ሁለት ሙዚቃ ነው።

ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ሰውየው ሃያ ድምፅ መደራረብ፣ ያልወደደውን መሰረዝ፣ ነገ ተመልሶ መነካካት ይችላል። ጥሩ ይወጣ ይሆናል። ግን ጩኸቱ ሲለወጥ እጁ ነው የለወጠው ወይስ ኮምፒውተሩ፣ አላውቅም። ላይቭ ላይ ይታወቃል። ገመድ ሲላቀቅ "ቱክ" ይላል፣ ጸጥታ ይመጣል፣ ከዚያ ሰውየው ምን ያደርግ ይሆን ብዬ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ሥራዬ ስለሆነ ይሆናል፣ ያቺ ገመድ የተላቀቀችባት ሰከንድ ላይ ሆዴ ይላወሳል።

ሉ ሪድ የተባለው አሜሪካዊ ሮከር በ1975 ጊታሮችን አምፕሊፋየር ፊት አስቀምጦ እርስ በርስ እያስጮኸ የሠራው አንድ አልበም አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው አልወደደለትም። በ2002 ግን ሳይትክራትሰር የተባለ የጀርመን ስብስብ ያን ጩኸት በኖታ ጽፎ በርሊን ላይ መድረክ ላይ ተጫወተው፤ ሉ ሪድ ራሱ አብሯቸው ቆመ። ቫዮሊን የሚገዘግዙ ሰዎች የማሽን ጩኸት ሲያወጡ ይሰማችኋል። ክንዳቸው ሲደክም ይሰማኛል ብል ታምኑኛላችሁ? ሁለቱን አስተያይታችሁ ስሙ፤ እኔ በቃላት ከምለፋ እሱ ይሻላል።

ታዲያ ላይቭ የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ከሚክሰር በቀጥታ በገመድ የተቀዳ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ቤቱም ሰዉም የሉበትም። ተመልካች መሀል ቆሞ በስልክ የተቀዳው ደግሞ የባለስልኩን ወሬ ነው የሚያሰማን። ለኔ የሚመቸኝ ሁለት ማይክ ከመድረኩ ትንሽ ራቅ ተደርገው የተቀዳ ነው። ከሚክሰሩ የመጣውን ቀንሶ ከዚያ ጋር የቀላቀለም ጥሩ ነው።

ሞንታርቦዬን እንዴት እንዳቃጠልኩም ልንገራችሁ፤ አትድገሙት። ቶሺማሩ ናካሙራ የሚባል ጃፓናዊ አለ። ሚክሰሩ ላይ ከውጭ ምንም አይሰካም፤ የሚክሰሩን መውጫ መልሶ መግቢያው ላይ ይሰካና ሚክሰሩ ራሱን በራሱ እንዲያጮህ ያደርጋል። ይሄን ሳነብ ሚክሰር አለኝ፣ ገመድ አለኝ፣ ክረምት ነው፣ ሠርግ የለም አልኩ። ሰካሁት። መጀመሪያ ዝም አለ። ጌኑን፣ ማለትም የመግቢያውን ድምፅ መጠን ትንሽ ስጨምር ከሩቅ የሚመጣ ሞተር ሳይክል የመሰለ ነገር ጀመረ። ቀጭኑን ድምፅ የሚያስተካክለውን የኢኪው ቁልፍ ስነካ እንደ ወፍ ጮኸ። ሰውነቴን ወረረኝ። አሥራ አንድ ዓመት ስገድለው የኖርኩት ነገር እጄ ሥር ይዘፍናል። ይበልጥ ልስማው ብዬ የድምፅ መጨመሪያውን ፌደር ገፋሁት። "ጺይይ" አለና ቀኝ በኩል ያለው ሞንታርቦ ቀጭን ድምፅ ማውጣት አቆመ። ትዊተሩ ነደደ። ከፍተኛ ፉጨት ትዊተር እንደሚበላ ለሰው ሁሉ የምናገር እኔ ነበርኩ! ማስጠገኛው የአንድ ሠርግ ገቢ በላ። መሞከር ከፈለጋችሁ ስፒከር አታብሩ። ሚክሰሩን በቀጥታ ወደ መቅጃ ስጡት። ሄድፎኑን ጆሯችሁ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ድምፁን ዝቅ አድርጉ፤ ፉጨቱ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ሚክሰሩን ትቼ ዙሪያዬን መቅዳት ጀመርኩ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ የከባድ መኪና ፍሬን። በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያችንን ሲደበድበው። የብረት በር የሚሠራ ጎረቤቴ ግራይንደር። ያላዋጣኝ ስልኬ ነው።

የመጀመሪያው ቅጂዬ ሐይቅ ከተማ ያለ ወፍጮ ቤት ነበር። ቤት ገብቼ ስከፍተው የሰማሁት ሩቅ ያለ ማራገቢያ የመሰለ ነገር ብቻ ነው። ስልኩ ለወሬ ታስቦ የተሠራ ነው። ድምፅ ሲበረታ ራሱ ይቀንሳል፣ ሲደክም ራሱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ፍንዳታውም ሹክሹክታውም እኩል ሆነው ይወጣሉ። የባሰው ደግሞ ጫጫታ ማጥፊያ የሚባለው ነገር በርቶ ነበር። ወፍጮውን ጫጫታ ነው ብሎ አጠፋልኝ! ልጁን ፎቶ አንሡልኝ ስትሉ ልጁን አጥፍቶ ግድግዳውን እንደሚሰጣችሁ ሰው ነው። በስልክ የምትቀዱ ከሆነ የድምፁን መጠን በእጅ የሚያስተካክል አፕ ፈልጉ፤ ጫጫታ ማጥፊያውን አጥፉ። የሚበረታው ድምፅ መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ 12 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ያህል ዝቅ ብሎ እንዲቀር አድርጉ። ድንገት ቢብስ መተንፈሻ ይኖረዋል።

ሁለተኛ፣ ኤምፒስሪ አትጠቀሙ። ኤምፒስሪ ፋይሉን የሚያሳንሰው "ይሄን ጆሮ አይለየውም" ያለውን እየጣለ ነው። ዘፈን ላይ ይሠራል። ኖይዝ ላይ ግን ሁሉም ድምፅ በአንድ ጊዜ ስላለ የሚጥለው ነገር የለውም፤ ግድ ሲለው ያበላሸዋል። ጥራቱ ሲወርድ ጩኸቱ ውሃ ውስጥ የተነከረ ይመስላል። ምንም በማይጥለው በዋቭ ፋይል ቅዱ። ስቴሪዮ በሲዲ ጥራት በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አንድ ሰዓት ከሆነ 600 ገደማ። ሚሞሪ ይበላል፣ ምን ታደርጉታላችሁ። በቴሌግራም ስትልኩም በቮይስ ሳይሆን በፋይል ላኩት። የአክስቴ ልጅ "ይሄ ነገር ያን ያህል አልያዘኝም" ያለው ሁሉ በቮይስ የላኩለት እንደነበረ የገባን ቆይቶ ነው።

ጆሯችሁን ጠብቁ፤ ይሄን እንደ ቀልድ አትዩት። የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቅዳሉ፤ ከዚያ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርሱ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኖይዝ ካልጮኸ አይጥምም የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ላይቭ ቅጂ ደግሞ ዝቅ ብሎ ሲሰማ ነው ክፍሉ የሚወጣው። እኔ ማታ፣ ሰፈሩ ሲተኛ፣ ከወሬ ድምፅ ብዙም ሳይበልጥ ነው የምሰማው። አንድ ቅጂ መርጣችሁ ሦስት ማታ ደጋግሙት። አንደኛው ማታ ይሰለቻል። በሁለተኛው ቦታዎቹን መለየት ትጀምራላችሁ፤ እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚያ ጋ ሰውየው ያስላል። ሦስተኛው ላይ አሁንም ካልያዛችሁ ተዉት፤ ዕዳ የለባችሁም።

ወፍጮ ቤቱን ትቼው አልቀረሁም። መቅጃ ተውሼ ተመለስኩ። ወፍጮውን የሚያሠራው ልጅ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ነው። "አያ፣ ለወፍጮ ድምፅ ነው ዳግመኛ የመጣኸው?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "ታዲያ እኔ ቤት እደር፤ በነፃ ነው" አለኝ። መቅጃውን ከማዳበሪያዎቹ ጀርባ፣ ከቺንጋው ፈንጠር አድርጌ አስቀመጥኩት። አርባ ደቂቃ ቀዳሁ።

ማታ ለእናቴ አሰማኋት። ሄድፎኑን በሻሿ ላይ ደፋችውና ዓይኗን ጨፈነች። ትንሽ ቆየች። "ይሄ በቆሎ ነው" አለች። እውነቷን ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ማዳበሪያዎች በቆሎ ነበሩ። ቀጥላ "አሁን ጨረሰ… ባዶውን ነው… ኧረ በለው፣ ይዝጋው! ድንጋዩን ሊጨርሰው እኮ ነው!" ብላ እጄን ያዘችኝ። ልጁ ያን ጊዜ በር ላይ ቆሞ ከኔ ጋር ሲያወራ ወፍጮውን ረስቶት ነበር። እኔ አጠገቡ ቆሜ አልሰማሁትም።

ልቤ ስለሞላ በዚያው የኢንካፓሲታንትስን ቅጂ ከፈትኩላት። ትነቅለዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም ብላ ሰማች። ጠጋ አልኳት።

"ይሄስ ምን እየፈጨ ነው?" አለችኝ።

"ምንም።"

"እሱማ ያስታውቃል" አለች። ጥቂት ደግማ ሰማችና ሄድፎኑን አውልቃ ሰጠችኝ። "ግን ሰዎቹ አጠገቡ አሉ። አውቀው ነው።"